ጨረቃን በቴሌስኮፕ ፎቶ ለማንሳት ለምትሞክሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ፒያሳ ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ የሙሽራ፣ የክርስትናና የምርቃት ፎቶ ሳነሳ ኖሬአለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ አራት ኪሎ አካባቢ ከምኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ትንሽ ቴሌስኮፕ እየተከልሁ ጨረቃን ማንሳት ልማዴ ሆኗል። የጎረቤት ልጆች ሞባይላቸውን ይዘው እየወጡ «እኛ ስናነሳት ለምን ነጭ ሳንቲም ብቻ ትሆናለች?» ብለው ስለሚጠይቁኝ፣ ለእነርሱ በቃል የምነግራቸውን ለእናንተ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ያችን ነጭ ሳንቲም እኔም በደንብ አውቃታለሁ። በፊልም ዘመን በተዋስሁት ቴሌስኮፕ መጀመሪያ ስሞክር፣ ሌሊት ስለሆነ ብዙ ብርሃን ያስፈልጋል ብዬ ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ ለግማሽ ሰከንድ ያህል እየከፈትሁ አንድ ሙሉ ባለ 36 ፊልም ጨረስሁ። ፊልሙን አጥቤ ወደ መብራቱ ሳነሳው በነጋቲቩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተደረደረው ጥቁር ክብ ብቻ ነበር፤ ሲታተም ደግሞ ምንም ምልክት የሌለበት ነጭ ክብ ሆነ። የሠለጠንሁ ፎቶ አንሺ ነኝ እያልሁ እንዲህ መሳሳቴ ለብዙ ጊዜ አሳፍሮኛል።

ያልገባኝ ነገር ጨረቃ የምትታየው በሌሊት ቢሆንም ፎቶዋ የቀን ፎቶ መሆኑ ነው። የሚያበራት እኛን በቀትር የምታቃጥለን ፀሐይ ነች፤ ገጽዋም ከሚያርፍበት ብርሃን መልሶ የሚልከው 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ እውነተኛ መልኳ ፀሐይ ላይ እንዳለ አሮጌ አስፋልት ነው። ለዚህም ነው የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሙሉ ጨረቃን በአፐርቸር (በሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ መጠን) 11፣ አይኤስኦው (ፊልሙ ወይም ካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅሙ) 100 ከሆነ ደግሞ በ1/100 ሰከንድ አንሷት የሚሉት፤ ግማሽ ስትሆን አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተውነው ግን አብዛኛው የፎቶው ክፍል ጥቁር ሰማይ መሆኑን አይቶ ሁሉንም ለማብራት ይሞክራል። በጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ነጠላ የለበሰች እናት ከጨለማ ዛፍ ሥር ቆማ ስትነሳ ነጠላዋ ተቃጥሎ ጥለቱ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1840 ጆን ዊሊያም ድሬፐር ኒው ዮርክ ላይ ጨረቃን በዳጌሮታይፕ፣ ማለትም በብር በተለበጠ የብረት ሳህን ላይ በሚወጣው የጥንት ፎቶ፣ ሲያነሳ ሳህኑ ብርሃኑን ለመቀበል 20 ደቂቃ ያህል ወስዶበታል። በእጃችሁ ያለው ተራ ስልክ ያንኑ ሥራ በ1/500 ሰከንድ ስለሚሠራው፣ ውድ ካሜራ የለኝም የሚለውን ምክንያት እኔ አልቀበልም።

አሠራሩ ይህ ነው። የእኔ ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት 70፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ዓይን በሚደረግበት በኩል ባለ 25 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ስጨምርበት 28 ጊዜ ያጎላል፤ ለመጀመር ከዚህ በላይ ማጉላት አያስፈልግም። በቅድሚያ በዓይናችሁ እያያችሁ የጎድጓዶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ እስኪሰላ ድረስ ፎከሱን አስተካክሉ፤ ከዚያም የስልኩን ዋና ካሜራ ከሌንሱ መሐል ፊት ለፊት አምጡት። ስልኩ ሁለት ሦስት ካሜራ ካለው የቀሩትን በጣት መሸፈን የትኛው እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ ይረዳል። በስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የምትታየው ብልጭ ድርግም የምትል ጠባብ ክብ ናት፤ ስልኩን በሚሊ ሜትር ልክ እያስጠጋችሁና እያራቃችሁ ስትፈልጉ ጥቁሩ ዳር ይሸሽና ጨረቃዋ ትከፈታለች። እዚህ ላይ የእጅ መንቀጥቀጥ ያስቸግራል። እኔ የሶፍት ጥቅል መሐል ያለውን ካርቶን ቆርጬ ሌንሱ ላይ በማጥለቅ ስልኩን አስደግፍበታለሁ፤ መልኩ ባያምርም ርቀቱን ይጠብቅልኛል።

ጨረቃዋ ከተከፈተች በኋላ በስክሪኑ ላይ ጣታችሁን አኑራችሁ ቆይታችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፤ ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ደግማችሁም ሳቡት፤ ጀማሪ ሁሉ ቶሎ ያቆማል። ቁልፉን በጣት መጫን ቴሌስኮፑን ስለሚያርገበግበው የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቀሙ፤ ፍላሹንም አጥፉ። ምድር ስለምትዞር ጨረቃ በ2 ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለችና፣ በፍሬሙ አንድ ዳር አድርጋችሁ ወደ መሐል ስትገባ መጠበቅ እርሷን እያሳደዱ ከመሮጥ ይሻላል። ሃምሳ አንሱና አንዷን ምረጡ። አየሩ የሚረጋው ለአፍታ ብቻ ስለሆነ፣ ያቺን አፍታ የሚያገኛት ብዙ ያነሳ ነው።

የከተማው መብራት ለጨረቃ እንቅፋት አይደለም፤ ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ መቆም ይቻላል። 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንጦጦ ተራራ ላይ የተተከሉት ደብዛዛ ከዋክብትን ለማየት ነው፤ ለእናንተ ጨረቃ ተራራ መውጣት አያስፈልግም። የእኛ ጠላት ቆርቆሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ የቆርቆሮ ጣሪያ ከመሸ በኋላ ሙቀቱን ሲተፋ፣ ከበላዩ የምትታየው ጨረቃ በፈላ ውኃ ውስጥ እንዳለች ድንጋይ ትርገበገባለች፤ ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት እምብዛም አልጀምርም። በመስኮት መስታወት በኩል ማንሳትማ ጭራሽ አይሞከርም።

ብዙዎቻችሁ ሙሉ ጨረቃን ትጠብቃላችሁ፤ እኔ አልመክርም። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የለም፤ ፊት ለፊት ፍላሽ እንደተተኮሰበት ፊት ጠፍጣፋ ትሆናለች። ጨረቃ ከተወለደች በኋላ ግማሽ በሆነችበት በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ግን የብርሃንና የጨለማ ድንበር በመሐሏ ስለሚያልፍ፣ እዚያ ላይ ተራራውም ጎድጓዳውም ረጅም ጥላ ይጥላል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግማሽ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ በአዲስ አበባ ሰማይ ለአናት በጣም ቅርብ ስለምትሆን ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ጥቂት ነው፤ አንገት ግን ያሳምማል። ክረምቱን እርሱት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2018 እና ሴፕቴምበር 2025 ላይ በአገራችን ሰማይ የታዩት ሁለት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሾች አንዱ በሐምሌ፣ ሌላው በጳጉሜን መውደቃቸውን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ግማሽ ጨረቃ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለምትታይ በቀን ማንሳት ትፈልጉ ይሆናል። ቴሌስኮፑን ለቅጽበት እንኳ ወደ ፀሐይ አታዙሩት፤ ዓይንንም ስልክንም ያቃጥላል።

አንዳንድ ስልኮች ጨረቃን ሲያዩ ያላዩትን ዝርዝር ከራሳቸው ይጨምራሉ። በእኛ ጊዜ የሙሽራን ፊት በእርሳስ ነጋቲቩ ላይ እናስተካክል ስለነበር በዚህ ለመቆጣት ድፍረቱ የለኝም፤ ሆኖም ማሳመሪያውን አጥፍታችሁ ብትጀምሩ ያገኛችሁት የራሳችሁ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ባለፈው ጥር አንዲት የጎረቤት ልጅ ያነሳችውን ፎቶ አጉልታ፣ ከድንበሩ ወዲያ በጨለማው ውስጥ የምትታየውን አንዲት ነጭ ነጥብ እያሳየች «ጋሼ፣ ሌንሱ ላይ አቧራ አለ» አለችኝ። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገን ደግመን ብናነሳም ነጥቧ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሻይ ጠጥተን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስተኛውን አነሳን፤ ነጥቧ ሰፍታ ወደ ድንበሩ የምትሳብ ቀጭን መስመር አውጥታ ነበር። ሥሩ ገና ያልነጋለት የተራራ ጫፍ ነው አልኋት። ሦስቱንም ፎቶዎች አሳትማ፣ ከጀርባቸው ሰዓቱን ጽፋ ወሰደቻቸው።