ሙዜ ምን ዓይነት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከቤቱ ጋር የገዛሁት ተክል ሙዝ ነው ወይስ እንሰት? ጎረቤቶቼ አልተስማሙም። (ከሐዋሳ)

ጎንበስ ብለው ሥሩን ይዩ። እንሰት ከታች ይወፍራል፣ ቅጠሉም ወደ ሰማይ ቀጥ ይላል። ሙዝ በዙሪያው ልጆች ያበቅላል፤ እንሰት ግን በራሱ አያወጣም። ልጆች ከከበቡት ሙዝ ነው።

ሙዝ ዛፍ ነው?

አይደለም። ግንድ የሚመስለው የተደራረበ የቅጠል እግር ነው።

«የሐበሻ ሙዝ» ተብሎ ችግኝ ተሸጠልኝ። እውነት ነው? የፍሬውን ፎቶ ልኬያለሁ። (ከአርባ ምንጭ)

ፍሬ ብቻውን አይበቃም፣ ስምም አይበቃም። ሁለት ሻጮች በዚሁ ስም ሁለት የተለያየ ተክል ሲሸጡ አይቻለሁ። ገዢው ስህተቱን የሚያውቀው ስንት ወር ውኃ አጠጥቶ፣ ዘለላው ከወጣ በኋላ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት እናትየዋን ይዩ።

ቢላዎን በእሳት ለብልበው የአንድ ቅጠል እጀታ አግድም ይቁረጡ። የተቆረጠው ፊት ላይ ቦይ ያያሉ። አብዛኛው የምንበላው ሙዝ አኩሚናታና ባልቢሲያና ከሚባሉ ሁለት የዱር ሙዞች የመጣ ነው። የቦዩ ከንፈሮች ወደ ውጭ ከተከፈቱ የአኩሚናታ ወገን ነው። ተጠጋግተው ከዘጉት የባልቢሲያና ደም አለበት። ቀጥሎ ግንዱን ይዩ፦ አኩሚናታ ጥቁርና ቡናማ ጠቃጠቆ ይበዛበታል፣ ባልቢሲያና ጥርት ያለ ነው። ከዚያ አበባው። ሐምራዊው ሽፋን ሲነሳ ወደ ኋላ ከተጠቀለለ አኩሚናታ፣ ሳይጠቀለል ከቀረ ባልቢሲያና። የሙዝ ተመራማሪዎቹ ሲሞንድስና ሼፐርድ በ1955 እ.ኤ.አ. ሙዞችን የለዩት እንዲህ ባሉ 15 ምልክቶች ላይ ነጥብ እየሰጡ ነው። አንዱ ምልክት ያሳስታል፤ ሦስቱ ከተስማሙ ይመኑ።

ድንክ ካቨንዲሽ የሚባለው የሙዝ ዝርያ ከሩቅ ይለያል፦ አጭር ነው፣ ከዘለላው በታች ባለው ዘንግ ላይም የደረቀ አበባ ሳይረግፍ ይቀራል። ግራንድ ኔይንና ዊሊያምስ የሚባሉትን ተመሳሳይ ዝርያዎች ለመለየት ከሆነ መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን ይጠይቁ።

ግንዱ ከሥሩ ቀላ ብሏል። ቀይ ሙዝ ነው?

በዚህ ብቻ አይባልም። የቀይ ሙዝ የቅጠሉ እጀታም ፍሬውም ይቀላል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፣ ፍሬውም ያለ ጊዜው ይበስላል። የየትኛው ዝርያ ጠባይ ነው?

የዝርያ ጠባይ አይደለም፣ በሽታ ነው! ፍሬውን ሰንጥቀው ውስጡ ቡናማ ከሆነ፣ ግንዱም ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ካወጣ፣ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ከእንሰት ወደ ሙዝ ይሻገራል። ከተክል ወደ ተክል የሚያዞረው ደግሞ ቢላ ነው፤ ለብልቡት ያልኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ማሳ ለማንም ልጅ ነቅለው አይስጡ። ዛሬውኑ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጥሩ፣ ለነገ አይበሉ። ጎረቤትዎ እንሰት ካለው ለእሱም ይንገሩት።