መልስ፦ «አውራ ከሌለ እንቁላል ከየት ይመጣል?» ላሉሽ ጎረቤት

ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። ጎረቤትሽ «ባል የሌላት ዶሮ የምትጥለው ባዶ ቅርፊት ነው» ያሉሽ ቀልድ ካልሆነ ተሳስተዋል። አውራ የሚያስፈልግሽ ጫጩት ከፈለግሽ ብቻ ነው። አውራ ያገኛት ዶሮ የጣለችው፣ የዳበረ እንቁላል በ21 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ያልዳበረው ዓመት ብትታቀፈውም ይገማል እንጂ ጫጩት አይወጣውም። ለምግብ ከሆነ ልዩነት የለውም።

«አስኳሉ ነጣ ስላለ የማሽን ነው» ላሉሽም፦ ቀለሙ የሚመጣው ከመኖው ነው። የጎመን ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ጨምሪላቸው፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ደመቅ ያለ አስኳል ፊታቸው ሰብረሽ አሳያቸው። እኔን አንዱ «ዶሮዎችህ እሁድም ይጥላሉ?» ብሎኛል። ምን ይመለሳል?

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ለሰው ወሬ ብለሽ ከገበያ አውራ ገዝተሽ ቀጥታ እንዳትቀላቅይው። ሌሊት 10 ሰዓት ሲጮህ መጀመሪያ የሚያማርሩት እኚሁ ሴትዮ መሆናቸው ይቅርና፣ ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ብዙ ጊዜ ቤት የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ጤነኛ የሚመስል ዶሮ ይዞት ይመጣል። የግድ ካልሽ ሦስት ሳምንት ያህል ራቅ አድርገሽ ለብቻው አቆዪው፤ መጠጫውም የራሱ ይሁን። የነበሩት ዶሮዎችሽ የፈንግል ክትባት መውሰዳቸውን ደግሞ ቀድመሽ አረጋግጪ።