መጨረሻውን እያወቅኩት ለምን አነበዋለሁ?

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነኝ፣ ባንክ ነው የምሰራው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የፈረንጅ ገና የፍቅር ልብወለድ ነው የማነበው፣ ትንሽ መንደር፣ በረዶ፣ ዳቦ ቤት የወረሰች ልጅ፣ ኮስታራ ጎረቤት፣ ገና ገጽ 10 ላይ ማን ማንን እንደሚያገባ አውቄዋለሁ። ባሌ ይስቅብኛል፣ ምን ነካኝ?

መልስ፦ እህቴ ምንም አልነካሽም። መጨረሻውን ማወቅሽ እኮ ነው ዋናው፣ የፍቅር ልብወለድ በደስታ ካላለቀ አንባቢው ተከዳሁ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ "ሲስተም የለም" እያለ የዋለ ጭንቅላት ደሞ ማታ ሌላ ሰቀቀን አይፈልግም። መንደሩም በከንቱ አላነሰም፤ በረዶው መንገዱን ሲዘጋው የተኳረፉት ሁለቱ መሸሻ የላቸውም፣ ዳቦ ቤት ይገናኛሉ፣ ቤተክርስቲያን ይገናኛሉ፣ ዲሴምበር 25 ሳይደርስ መታረቅ አለባቸው።

እኛ ጋ መንገድ የሚዘጋ በረዶ ባይኖርም ዘጌን አስቢው እስኪ፣ የቡና ጫካው፣ ከባህር ዳር በጀልባ የመጣች ልጅ፣ ጥር 11 "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ብላ አዲሱን ለብሳ ሎሚ ደረቷ ላይ ጧ ሲል፣ ዞር ስትል ያ ኮስታራ ጎረቤት! (ቀስ ብሎ ይወርወር ብቻ፣ እኔ አንዴ ዓይኔን ተመትቻለሁ።) ለምን አንቺው አትጽፊውም? ባልሽን ደሞ አንድ ምዕራፍ አንብቢለትና "ከዛስ?" ይል እንደሆነ እዪው።