በብርድ ውስጥ የሚያልቅ በረዶ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ናይሮቢ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን ኪሊማንጃሮ ወጥቶ ቪዲዮ ላከልን። ጫፉ ላይ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው የሚያወራው። እንደዚያ በሚበርድበት ቦታ በረዶው እንዴት ያልቃል? ሲያልቅስ ከሥር ያሉት ገበሬዎች ውሃ ከየት ያመጣሉ? እኛ አገር ራስ ዳሸን ላይስ ለምን እንዲህ ያለ በረዶ የለም? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድምሽ እውነቱን ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጫፉ 5,895 ሜትር ላይ ነው። እዚያ የአየሩ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ “ሙቀት ጨመረ፣ በረዶ ቀለጠ” ብለን ብቻ ልናልፈው አንችልም። በረዶው ግን እያለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለት እንኳን አልሞላም።

ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ልወጣ ስል እኔም ወጥቼ አየሁት። ከጫፉ ወረድ ብሎ፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ፣ ፉርትቫንግለር የሚባል የበረዶ ግግር ነበር። ጎኑ ተዳፋት አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ነው። ተጠግቼ ሳየው አግድም የተጋደሙ ቡናማ መስመሮች አሉበት፤ ነፋስ በየዘመኑ ያመጣው አቧራ ነው። ጥላ በሆነው በኩል፣ እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ በእጄ ዘገንኩ። ደረቅ ነው። በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ። ዞሬ ፀሐይ ወዳረፈበት ስሄድ ግን ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

የጥያቄሽ መልስ እነዚያ ሁለት ጎኖች ላይ አለ። በጥላው በኩል በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ላይ በውርጭ ቀን የተሰጣ ልብስ ነፋሱ ብቻ እንደሚያደርቀው ማለት ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ መሞቁ ግድ አይደለም። ግን ይህ አካሄድ ጉልበት ይበላል፤ አንድ ኪሎ በረዶን ለማትነን ከማቅለጥ ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቃል። ብርዱና ድርቀቱ በረዶውን ያቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ግድግዳ ግን አየሩ ከዜሮ በታች ሆኖም ሊቀልጥ ይችላል። ግድግዳ ደግሞ አዲስ በረዶ አይይዝም። የሚዘንብበት ሁሉ ተንሸራቶ ይወርዳል። አንዴ ግድግዳ ከሆነ ወደ ኋላ መሸሽ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከላይ የሚዘንበው ነው። አዲስ የወረደ ነጭ በረዶ ከፀሐይ ብርሃን 80 በመቶውንና ከዚያም በላይ መልሶ ይሰደዋል። አቧራ የለበሰ አሮጌ በረዶ ከግማሽ በላዩን ይውጠዋል። ዝናቡ ዘግይቶ ከመጣ ወይም ከቀነሰ፣ በረዶው ገቢውንም መከላከያውንም በአንድ ጊዜ ያጣል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ የምሥራቅ አፍሪካ አየር ሲደርቅ የሐይቆቹ ውሃ ቀንሶ ነበር፤ የኪሊማንጃሮም በረዶ ማፈግፈግ የጀመረው ያኔ ነው። ይህን ስል የዓለም ሙቀት አያገባውም ማለቴ አይደለም። እዚያ ተራራ ላይ ምን ያህል እንደሚዘንብ በአብዛኛው የሚወስነው የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። ባሕሩ ሲለወጥ ተራራው ይሰማዋል።

ዝቅ ባሉት ተራሮች ላይ ነገሩ ይብሳል። የኬንያ ተራራው ሉዊስ ግግር ከ5,000 ሜትር በታች ነው ያለው። በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ያለው ሩዌንዞሪም ጫፉ 5,109 ሜትር ነው። እዚያ በደንብ ይቀልጣል። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ፣ ዜሮ ዲግሪ የሚገኝበት ከፍታ ወደ 150 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ትናንት በረዶ ይወርድበት የነበረው ቦታ ዛሬ ዝናብ ይዘንብበታል። አውሮፓ ቢሆን ክረምቱ መጥቶ መቅለጡን ያቆመው ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ ግን እንደዚያ ያለ ክረምት የለም፤ የግግሩ የታችኛው ጫፍ አሥራ ሁለቱንም ወር ይቀልጣል። ዕረፍት የለውም። የቦሊቪያው ቻካልታያ ግግር በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2009 አለቀ፤ ሰው በስኪ የሚንሸራተትበት ተራራ ነበር።

ወደ ገበሬዎቹ ልምጣ። ብዙ ሰው የኪሊማንጃሮ በረዶ ሲያልቅ ወንዞቹ ይደርቃሉ ብሎ ይሰጋል። የቻጋ ገበሬዎች ቡናና ሙዛቸውን የሚያጠጡበት ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ግን ከተራራው ወገብ፣ ከደኑ ነው። ዝናቡ የሚበዛው እዚያ ነው። የበረዶው ድርሻ ትንሽ ነው። ለእነሱ የምንጨነቅ ከሆነ ለደኑ እንጨነቅ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ፔሩ ነው። በሐሩር ክልል ካለው የበረዶ ግግር 70 በመቶ ገደማ የሚገኘው እዚያ ነው። ከኮርዲዬራ ብላንካ ተራሮች የሚነሳው የሳንታ ወንዝ በደረቁ ወራት የበረዶ ውሃ ይደግፈዋል። መጀመሪያ መቅለጡ ሲፋጠን ውሃው ይጨምራል፤ ገበሬው ደስ ይለዋል፣ መስኖውን ያሰፋል። በረዶው ሲያንስ ግን ውሃውም ይቀንሳል። ከሳንታ ገባሮች አብዛኞቹ ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ገብተዋል። ሌላም አደጋ አለ። ግግሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ፊት ለፊቱ ሐይቅ ይፈጠራል። ሐይቁን የያዘው ደግሞ ግግሩ ራሱ ገፍቶ የከመረው ልቅ ድንጋይና አፈር ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) ፓልካኮቻ የሚባለው ሐይቅ ግድቡን ጥሶ ሁዋራዝ ከተማን መታ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሐይቁ ከዚያ ወዲህ እንደገና ሞልቷል። ውሃውን በቧንቧ እየሳቡ ያጎድሉታል፤ ከሥር ያለችው ከተማ ግን አድጋለች።

ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አሁን ባለው አየር እዚያ የሚወርደው በረዶ ዓመት አይከርምም። ድሮ ግን ነበረን። በበረዶ ዘመን የባሌው ሳነቴ አምባ ላይ ሰፊ ግግር ነበር፤ ስሜን ላይም አነስ አነስ ያሉ ነበሩ። ስሜን ደግሞ ቅርብሽ ነው። ጨነቅ ከሚባለው የፓርኩ ማደሪያ ሰፈር ከደረስሽ አስጎብኚሽን ወደ ቧሂት ተራራ ይዞሽ እንዲወጣ ጠይቂው። በሰሜኑ ፊት፣ ከገደሉ ሥር፣ ትልቅና ትንሽ ድንጋይ ሳይለይ የተደባለቀበት ቅስት ጉብታ ፈልጊ። ወንዝ ቢሆን ድንጋዩን በየመጠኑ ይለየው ነበር፤ ያንን የገፋው ግግር ነው።