«ተከትቧል» የተባለው ቡችላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ለልጆቼ ብዬ መንገድ ዳር ከሚሸጡት የፈረንጅ ቡችላ ገዛሁ። ሦስት ወሩ ነው፤ «ተከትቧል» ብለውኛል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላም አለ። ሌሊቱን ሲያስታውክ አደረ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደም የቀላቀለ፣ ሽታው የሚከብድ ተቅማጥ ጀመረው። ጎረቤቴ «አጥንት ወግቶት ነው፣ ነጭ ሽንኩርት በወተት ስጪው» አለችኝ። ፓራሲታሞልስ ግማሽ ፍሬ ብሰጠው? ቤት ውስጥ ድመትም አለች። ለእሷና ለልጆቹ ያሰጋ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። የቀረውን መኪና ውስጥ ሆነው ያነቡታል።

እንደነገሩኝ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓርቮን ነው፤ የቡችሎችን አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። አጥንትም አንጀት ይወጋል፤ የሆድ ትልም ደም ያስቀምጣል። ግን የሦስት ወር ቡችላ፣ ትውከት፣ ደምና ያ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ነገር ለማሰብ ይከብዳል። ሽታውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። በእርግጥ አፍንጫ ማስረጃ አይሆንም፤ ከሰገራው በጥጥ ተወስዶ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውጤቱ የሚታይ ምርመራ አለ።

ፓርቮ የሚወደው ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ነው። እነሱ ደግሞ በብዛት ያሉት አንጀትና መቅኔ ውስጥ ነው። የአንጀቱ ሽፋን ይላጣል፤ ደሙም ከዚያ ነው። በተላጠው በኩል ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። ያን ባክቴሪያ መመከት የነበረባቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ መቅኔው ስለተመታ አልቀዋል። አጥሩም ፈርሷል፣ ዘበኛውም የለም ማለት ነው። በዚህ ላይ የሰውነቱ ፈሳሽ በላይም በታችም እየወጣ ያልቃል።

ቫይረሱን ራሱን የሚገድል በየክሊኒኩ የሚገኝ መድኃኒት የለም። እኛ የምናደርገው የራሱ ሰውነት እስኪያሸንፍ ቡችላውን ደግፎ ማቆየት ነው። ግሉኮስ ይተከልለታል፤ የትውከት ማስቆሚያና አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። በጊዜ የመጣ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ቤት የቀረው ግን ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ማጅራቱ ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጠው ይልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰና እንደተነሳ ከቆየ ፈሳሹ ክፉኛ አልቋል። ድዱን በጣትዎ ጫን አድርገው ሲለቁትም በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልሶ መቅላት አለበት። እያስመለሰው ውኃ በግድ አይጋቱት።

ነጭ ሽንኩርቱ ይቅር። ጎረቤትዎ ለክፋት አላሉም፤ ግን ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል። ወተቱም ተቅማጡን ያባብሰዋል። አንድ ጊዜ በአራተኛ ቀኑ ያመጡልኝ ቡችላ አፉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። ሦስቱን ቀን ቤት ውስጥ ሲያክሙት ነው የቆዩት። ማታውን አላለፈም።

ፓራሲታሞልም አይስጡት። በተለይ ድመቷ አጠገብ አይድረስ። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት መንገድ እጅግ ደካማ ነው። ለእርስዎ ራስ ምታት የሚበቃው አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ያው ናቸው።

አሁን ወደ «ተከትቧል» እንምጣ። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ አንድ መርፌ ተወግቶ ይሆናል። ችግሩ አንድ መርፌ አይበቃም። ቡችላ ከእናቱ እንገር ጋር መከላከያ ይጠጣል። ያ የእናት መከላከያ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ክትባቱንም ይመክታል። ከዚያ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ በስንተኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ግን ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምረን፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እንደጋግመዋለን። ከዚያ በፊት ያለው ቡችላ ግማሽ ተከታቢ ነው። ሌላ ጊዜ ሲገዙ «ካርዱን አምጣ» ይበሉ። ቀንና የክትባቱ ተለጣፊ ከሌለበት እንዳልተከተበ ይቁጠሩት።

ድመቷን በተመለከተ፣ ድመቶች የራሳቸው የፓርቮ ዘመድ አላቸው፤ አንዳንዱ የውሻ ፓርቮም ይይዛቸዋል። የራሷ የድመት ክትባት አላት፤ ካልተከተበች ያስከትቧት። እስከዚያው ሌላ ክፍል ትቆይ። ልጆቹን የውሻ ፓርቮ አይነካቸውም። ግን የቡችላ ሰገራ ውስጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ የሆድ ትል አይጠፋም፤ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። እኔን ለልጆች የሚያስፈራኝስ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቦቢ (ስሙን አልነገሩኝም፣ ግን ከአሥሩ አራቱ ቦቢ ነው) ከተረፈና ካገገመ ያን ክትባት ይውሰድ፤ ዓመቱ ላይ ይደገምለታል።

የቤቱን ወለል መጀመሪያ ሰገራውን ጠርገው ያጽዱ። ከዚያ አንድ ሲኒ በረኪና በሠላሳ ሲኒ ውኃ በጥብጠው ያርጥቡትና አሥር ደቂቃ ይተዉት። ድመቷ ወለሉ ሳይደርቅ አትግባ። ተራ ሳሙና ፓርቮን አይገድለውም። የግቢውን አፈር ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ቫይረሱ እዚያ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ቶሎ እንዳያመጡ።

ሲወስዱት ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ይያዙት። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ አያውርዱት። በሩ ላይ ቆመው «ፓርቮ ሳይሆን አይቀርም» ይበሏቸው፤ ውስጥ ለመጀመሪያ ክትባታቸው ወረፋ የሚጠብቁ ቡችሎች ይኖራሉ።