አለቃ ጡረታ ሲወጣ ለጣቢያው ምን ይቀራል?

ሰላም ልጆች። ዕድሜዬን የገፋሁት እዚሁ ጅማ፣ በእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሥራ ላይ ነው። ከተራ እሳት ተዋጊነት ተነስቼ አለቃ ሆንኩ። 60 ሲሞላኝ ጡረታ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ለተቀጠራችሁት ነው፤ እሳት አደጋ ለገባችሁትም፣ ፖሊስ ለሆናችሁትም።

“ጋሼ፣ ገና ጠንካራ ነዎት እኮ፤ ለምን ያስወጡዎታል?” ያሉኝ ልጆች ብዙ ናቸው። አክብረውኝ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን የጡረታ ዕድሜ መኖሩን እደግፋለሁ። በተለይ ለአለቃ የግድ ነው እላለሁ።

ምክንያቴ ጉልበት አይደለም። አለቃ ቱቦ ተሸክሞ ጣሪያ ላይ አይወጣም። 62 ዓመት የሞላው ሰውም ቆሞ ማዘዝ ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። መውጫ ቀኑ ያልተቆረጠለት አለቃ ተተኪ ለማፍራት አይቸኩልም።

ኋላ በሌላ አዋጅ የተተካውን የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን አንብቡት። ጡረታ የደረሰ ሠራተኛ አገልግሎቱ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት፣ በጠቅላላው ደግሞ እስከ 10 ዓመት ሊራዘምለት ይችል ነበር። ከመስፈርቶቹ አንዱ በቦታው የሚተካው ሰው አለመገኘቱ ነበር። የታሰበው ለበጎ ነው፤ ሙያ እንዳይባክን። ግን ገልብጣችሁ እዩት። ወንበሩን የሚወድ አለቃ ምን ያደርጋል? የሚያውቀውን ለራሱ ይይዛል። ምክትሉን ቢሮ አስቀምጦ በደብዳቤና በሪፖርት ያደክመዋል። ቀኑ ሲደርስ “የሚተካኝ የለም” ይላል። እውነቱን ነው፣ የለም። እንዳይኖር ያደረገው ግን ራሱ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ጄ. ኤድጋር ሁቨር ኋላ ኤፍቢአይ የተባለውን የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ መርቷል። በ1964 የግዴታ ጡረታው ዕድሜ፣ 70 ዓመት፣ ሲቃረብ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉ እንዳይነካው አደረጉ። በ1972 ሲሞት ወንበሩ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1976 የአሜሪካ ምክር ቤት የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ገደበ። አንድ ሰው ያን ያህል ዘመን ሲቀመጥ መሥሪያ ቤቱና ሰውየው አንድ ይሆናሉ። ያ ደግሞ ለማንም አይበጅም።

ለተራው እሳት ተዋጊ ግን ዕድሜ ብቻውን መለኪያ መሆኑ አይዋጥልኝም። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ እሳት ተዋጊዎች 55 ላይ ውጡ ሲባሉ ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1985 ረቱ። ፍርድ ቤቱ “የፌዴራል መንግሥት ለራሱ እሳት ተዋጊዎች 55 ብሏልና እኛም” ማለት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም አለ። ትክክል ነው። ደረጃ የሚወጣን ሰው አካሉን ፈትኑት። ልቡን፣ ሳንባውን፣ ዓይኑን መርምሩ። አለቃ ግን በሩጫ አይፈተንም። ለእሱ የሚያዋጣው አስቀድሞ የታወቀ ቀን ነው።

ቀኑ ከታወቀ ሥራውም ይታወቃል። ልወጣ ወራት ሲቀሩኝ ምክትሌን ይዤ ሄርማታ መርካቶን በእግር ዞርን። ከሌላ ከተማ በዝውውር የመጣች ጎበዝ ልጅ ናት። የቱ ቅያስ መኪናችንን እንደማያስገባ አሳየኋት። ሐሙስ ገበያ ሲቆም የቱ መንገድ በሸራና በጆንያ እንደሚዘጋ ነገርኳት። አንድ ጥግ ላይ ክዳኑ በአፈር የተቀበረ ሃይድራንት፣ ለእሳት ማጥፊያ ውሃ የምንቀዳበት ቧንቧ፣ ነበር። ቁልፉን ሰጠኋት። በመዶሻ መታ መታ አድርጋ ከፈተችው። መጀመሪያ ዝገት የቀላቀለ ቀይ ውሃ ተፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ጠራ። “ጋሼ፣ ይሄ በየትኛው ካርታ ላይ ነው ያለው?” አለችኝ። በየትኛውም ላይ አልነበረም። እዚያው ቆማ በራሷ እጅ ሣለችው።

እንዲህ ያለ ነገር ስንት አለ መሰላችሁ! የቡና መጋዘን ሲቃጠል ከላይ የጠፋ መስሎ ጆንያው ውስጥ ይጨሳል። ክምሩን ካላፈረሳችሁ ሌሊት ይነሳል። መብራት ሳይቆረጥ ውሃ አይረጭም። ፖሊስ የሆናችሁ ደግሞ በየቀበሌው ጠብ ሲነሳ ማን ሽማግሌ እንደሚሰማ አለቃችሁን ጠይቁ። ሳይወጣ ጠይቁት፤ ጠይቃችሁም ጻፉት። ከወጣ በኋላ ደውላችሁ ብታገኙትም ቦታው ላይ ቆሞ እንደማሳየት አይሆንም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። 25 ዓመት ያልሞላው ልጅ ጡረታ ሲባል እንደሚስቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ስሙኝ። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25፣ ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሲቪል 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ግማሽ ያህል ደመወዝ ይዞ ገበያ መውጣት ምን እንደሆነ አሁን እያየሁት ነው። ቁጠባ ዛሬ ጀምሩ፤ ትንሽም ትሁን።

የፖሊስ መውጫ ዕድሜ እንደ ማዕረጉ ይለያያል፤ የራሳችሁን ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን የልደት ቀናችሁን ተመልከቱ። ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ቅጽ ላይ የሞላችሁት ነው። ለመቀጠር ሲሉ ዕድሜ የጨመሩ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በፈረንጅ ዘመን መካከል የተምታታባቸው ሰዎች መጨረሻ ላይ ሲለምኑ አይቻለሁ፤ የሚሰማቸው የለም። ቅጹን ፈርማችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ቀኑን ደግማችሁ አንብቡ፤ ኮፒውንም ቤታችሁ አስቀምጡ።