ሦስት ሶልያና በአንድ ክፍል፦ ስለ ልጅ ስም የጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስም ስለማውጣት ስለሆኑ፣ የዚህን ወር አምድ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ስትወለድ ሰፈር ውስጥ የሌለ ስም ፈልገን ሶልያና አልናት። ዘንድሮ ኬጂ ስትገባ ክፍሏ ውስጥ ሦስት ሶልያና አገኘን፤ ኤልዳናም አለች። ከማንም አልቀዳንም። ይሄ እንዴት ይሆናል? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሦስታችሁም አልተቀዳዳችሁም፤ የሰማችሁት ድምፅ ግን አንድ ነው። ወላጅ ስም የሚመርጠው በትርጉሙ ይመስለዋል። ትርጉሙን ከማየቱ በፊት ግን ጆሮው ብዙውን ስም ጥሎ ጥቂቱን አስቀርቷል። በአንድ ዘመን የሚወልዱ ሰዎች ደግሞ ጆሯቸው በአንድ ዓይነት ድምፅ ተሞልቶ ነው የሚከርመው። አሁን በከተማ የሚወደደው አጭር፣ ለስላሳ፣ ለሴት በ«ና»፣ በ«ማ» ወይም በ«ን» የሚያልቅ ስም ነው፦ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ አርሴማ፣ ሄራን፣ ብሌን። በሙስሊም ቤተሰቦችም ያው ነው። ሰይድ፣ ይመርና እንድሪስ የበዙበት ቤት ዛሬ ረያን፣ ሂባና ኢልሃም ይላል።

አሜሪካኖች የስም መዝገባቸውን በየዓመቱ ስለሚያወጡ ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኤይደን፣ ጄይደን፣ ብሬይደንና ሄይደን አራቱም ከመጀመሪያዎቹ መቶ የወንድ ስሞች መካከል ነበሩ። እያንዳንዱ ወላጅ የተለየ ስም የሰጠ መስሎት ነበር፤ ሜዳ ላይ ሲጠሩ ግን አራቱም ልጆች ዞር ይላሉ።

በወንዶቹ ዘንድ የእኛም ነገር ይገርማል። ናታን፣ ኤልናታን፣ ዮናታንና ናትናኤል አራት ስም ይመስላሉ፤ መነሻቸው ግን «ሰጠ» የሚለው አንድ የዕብራይስጥ ቃል ነው። የፈለጉት ትርጉሙን ከሆነ እኮ በእጃችን አለ፦ ስጦታው። በግዕዝም «ሀብት» ማለት ስጦታ ስለሆነ ሀብተ ሚካኤልና ሀብተ ማርያም ያንኑ ይላሉ፤ ድምፃቸው ደግሞ አሁን አልተጨናነቀም። ብርቅ ስም ለሚፈልግ ሰው የምንመክረው ይህንን ነው፤ ትርጉሙን ይዞ ድምፁን መቀየር።

ለሚቀጥለው ልጅ፣ ስሙ ከመጽደቁ በፊት ይቁጠሩ። የኬጂ ስም ዝርዝር ከሦስት አራት ዓመት በፊት የሆነውን ነው የሚነግርዎት። ትኩሱ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። በ45 ቀን ክትባት ቀን ወረፋ ላይ ያለች ጎረቤት ወይም ዘመድ፣ ነርሷ ካርድ እያነሳች ስትጠራ 30 ስም ያህል ትጻፍልዎ። ያንኑ ስም ብቻ ሳይሆን መጨረሻው የሚመሳሰለውንም አብረው ይቁጠሩ። ከ30ው አራት አምስቱ ከመረጡት ስም ጋር ቤት የሚመቱ ከሆነ፣ ልጅዎ ትምህርት ቤት ስትደርስ አሁን የገጠምዎት ነገር ይደገማል። የክርስትና ስም ከዚህ ቆጠራ ውጪ ነው፤ በፋሽን የሚነዳ አይደለምና።

ለአሁኗ ሶልያና ደግሞ፣ መምህሯ ከዛሬ ጀምራ ከአባቷ ስም ጋር እንድትጠራት ይንገሯት። «ትልቋ» እና «ትንሿ» ማለት ከተጀመረ ለዓመታት አይለቅም፤ ልጆችም ይጎዱበታል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን በአባቴ ስም ደምሴ በሉት ብል ልጄና ምራቴ እሺ አላሉም። እነ ተሾመ፣ በላቸው፣ ግዛው ምን በድለው ቀሩ? (አያት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አባታችን፣ ስሞቹ አልበደሉም። የድሮው የአማርኛ ስም ራሱን የቻለ ንግግር ነው። ግዛው ትእዛዝ ነው፣ ተሾመ ዜና ነው፣ ማስረሻ ለሐዘንተኛ እናት ማጽናኛ ነው። ምትኩና ካሳም እንዲሁ የሞተ ሰው ቦታ ላይ የተተከሉ ናቸው። ሹመቱ፣ ዘመቻውና የቤት ሙሉ ሕፃናት ሞት የኑሮው መሐል በነበሩበት ጊዜ ስሙ ለሁሉም ይገባ ነበር። ዛሬ የሚወልዱት ወጣቶች ግን ግዛው የሚለውን ሲሰሙ «ማንን?» ይላሉ። በዚያ ላይ እነዚህ ስሞች አሁን የአባትና የአያት ስም ሆነው ነው በየመዝገቡ የሚነበቡት፤ ስለዚህ ለጆሯቸው የሽማግሌ ስም ነው።

ይህ ግን ለዘላለም አይደለም። በአሜሪካ ኤማ የሚለው የሴት ስም በ1880 እ.ኤ.አ. ሦስተኛ ነበር፤ በ1970ዎቹ ከ400ኛ በታች ወረደ፤ በ2008 አንደኛ ሆነ። ስም የሚመለሰው በስሙ የሚጠሩት ሽማግሌዎች ከትዝታ ሲርቁና ለአዲሱ ወላጅ እንደ አዲስ ሲሰማው ነው።

እስከዚያው አንድ የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ወጣቶቹ የሚወዱት አጭር ስም ብዙ ጊዜ ግስ ከሆነ የአባት ስም ጋር ሲገጥም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። አባቱ አበበ ከሆነ፣ ደስታ አበበ። አባቱ ደረጀ ከሆነ፣ ሰላም ደረጀ። አባቱ በለጠ ከሆነ፣ ፍቅር በለጠ። ይህ የጥንቱ የስም አወጣጥ ጥበብ ነው፤ እንዲቀር አንፈልግም። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ አባቱ ማስረሻ ሆኖ ልጁን ፍቅር ቢሉት «ፍቅር ማስረሻ» ይሆናል፤ አባቱ ናደው ሆኖ ልጅቷን ሰላም ቢሏት ሰላሙ ተናደ ማለት ነው። ስለዚህ ልጆችዎ የመረጡትን ስም ከአባቱ ጋር፣ ከዚያም ከአያቱ ጋር ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ደምሴ የሚለውን ደግሞ እርስዎ በቤት ውስጥ ይጥሩት። አያት ያወጣው የቤት ስም ከመዝገቡ ስም በላይ የኖረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ በታዋቂ ሰው ስም መጥራት ልጁን ይጎዳዋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይጎዳውም፤ ዕድሜውን ግን ያሳብቅበታል። በአሜሪካ ሜሪ ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንደኛነቱን ሳትለቅ ቆይታ፣ በ1947 በአንድ ተወዳጅ ዘፈን ምክንያት ሊንዳ ገለበጠቻት። ሸርሊ የሚለው ስምም በሕፃኗ የፊልም ተዋናይት በሸርሊ ቴምፕል ዝና በ1935 ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ሸርሊ ሲባል የሚታየው የአሮጊት ፊት ነው። በፍጥነት የወጣ ስም በፍጥነት ይወርዳል። በእኛም አገር አብዮት የሚባል ሰው ስንሰማ በየትኛው ዓመት አካባቢ እንደተወለደ እንገምታለን። ይህ ካላሳሰበዎት በድፍረት ይጥሩት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምንወልደው። ልጁን ኤልናታን ልንለው አስበናል፤ እዚህ ስንት ልጅ እንደተጠራበት ማወቅ ይቻላል? የቤተሰብ ስሙስ ምን ይሁን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይቻላል። የሶሻል ሴኪዩሪቲ አስተዳደር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በግንቦት ገደማ ዝርዝሩን በድረ ገጹ ያወጣል። ሁለት ነገር ይወቁ። በዓመቱ ከአምስት ልጅ በታች የተሰጠ ስም አይወጣም፤ ስለዚህ ስሙን ማጣት ማለት ማንም የለውም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አጻጻፍ ለየብቻው ይቆጠራል። በቲ ብቻ የተጻፈው ኤልናታንና በቲ ኤች የተጻፈው ሁለት የተለያየ ስም ናቸው፤ ሁለቱንም ፈልገው ይደምሯቸው።

አጻጻፉን ከመወሰንዎ በፊት ስሙን በላቲን ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈው አማርኛ ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ይስጡና ያንብበው። እርስዎ አስቀድመው አይጥሩለት። ጸ፣ ጠ፣ ጨ እና ቀ ያለበት ስም በዚህ ፈተና ይለወጣል፤ ጽዮን በዜድ ከተጻፈ «ዛዮን» ሆኖ ይመለሳል። ለውጡን ከወደዱት ይሁን፤ ካልወደዱት ሌላ አጻጻፍ ይሞክሩ።

የቤተሰብ ስሙ ግን ከዋናው ስም የበለጠ ያስቸግራል። አባትየው በፓስፖርቱ ደረጀ ተሰማ ነው እንበል፤ የመጨረሻ ስሙ ተሰማ ነው። ልጁን በአገራችን ሥርዓት «ኤልናታን ደረጀ» ብላችሁ ካስመዘገባችሁ፣ የልጁ የመጨረሻ ስም ደረጀ፣ የአባቱ ተሰማ፣ የእናቱ ደግሞ ሌላ ይሆናል። አየር ማረፊያ ላይ ልጁን ብቻውን ይዞ የሚጓዝ ወላጅ ዝምድናውን በወረቀት እንዲያሳይ ሊጠየቅ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኤልናታንን መጀመሪያ፣ ደረጀን መካከለኛ፣ ተሰማን መጨረሻ ካደረጋችሁ ግን ሦስቱም ትውልድ በቦታው ይቀመጣል፤ አባትና ልጅም በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህን ከምጥ በፊት ወስናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ቅጹ የሚመጣው ሆስፒታል ሳላችሁ፣ እንቅልፍ ባጣችሁበት ሰዓት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል ጣት እየጠቆማችሁ አንብቡት፤ በኋላ ማረም ከልደት ወረቀቱ ተነሥቶ እስከ ሶሻል ሴኪዩሪቲና ፓስፖርት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ለምንወልደውስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ስሙ ተወስኖ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አጻጻፉ ታውቆ ቢሄዱ ይመረጣል። የእንግሊዝኛውን ለመዝጋቢው አይተዉ። የአባቱን ስም ከአባቱ ፓስፖርት ወይም ፋይዳ መታወቂያ ላይ እንዳለ ይገልብጡ፤ የታላቅ ልጅ የልደት ወረቀት ካለም ከእሱ ጋር ያስተያዩ። መኮንን በአንዱ ልጅ በአንድ ኤን፣ በሌላው በሁለት ኤን ከተጻፈ፣ ወንድማማቾቹ ለቪዛ ሲያመለክቱ የተለያየ አባት ያላቸው ይመስላሉ። በፊደልም ኃይሉን በየትኛው ሀ፣ ፀሐይን በየትኛው ጸ እንደጻፉት ይያዙት። ስሙን ራሱን መቀየር የፍርድ ቤት ጉዳይ ስለሆነ፣ ማመንታት ካለብዎ ከ90ው ቀን ውስጥ ያመንቱ።